ዝም ሲሏቸው ያሸነፉት ሽመላዎች

ሽመላዎቹ መሸነፋቸው አልነበረም ሰውን ያሳበደው። ሽንፈትንማ የሚናሃማ ከተማ ሰው ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል። ያን ዓመት ሰውን ያሳበደው የሽንፈቱ ዓይነት ነው። ሌላ የቤዝቦል ቡድን አቅም ሲያንሰው ይሸነፋል፤ እነሱ ግን ያለቀለት፣ በእጃቸው የገባ ጨዋታ ውስጥ ሽንፈትን ከተደበቀበት ፈልፍለው ያወጣሉ። በዝናቡ ወር አንዲት ኳስ ሽቅብ ወጥታ ስትመለስ ሁለት ሜዳ ጠባቂዎች ከሥሯ ተገናኙ። አንዱ «አንተ ያዛት» ብሎ ቆመ። ሌላው «ኧረ በፍጹም፣ አንተ» ብሎ ቆመ። ኳሷም በሁለቱ ጨዋ ሰዎች መካከል ሳሩ ላይ ዱብ አለች፤ ጨዋታውም አብሯት ወደቀ። ሌላ ቀን ደግሞ አሠልጣኙ አንድም ኳስ ያልተመታበትን ወርዋሪ «ደክሞሃል» ብሎ አስወጣው። የተተካው ሰው መጀመሪያ የወረወራት ኳስ የተገኘችው ከአጥር ውጭ፣ ከቆመ አውቶቡስ ጣራ ላይ ነው።

ይህን እያየ አንጀቱ ካረረ ሰው ሁሉ የኢሶቤ ይብስ ነበር። ኢሶቤ ካንጂ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሱቁ ከወደቡ ወደ ስታዲየሙ በሚወስደው አቀበት ላይ ናት። ጨዋታ ባለ ቀን ግን ሱቁን ዘግቶ፣ አረንጓዴ ኮቱን ደርቦ፣ በቀኝ ሜዳ በኩል የሚቀመጠው የደጋፊዎች ጓድ አለቃ ይሆናል። እሱ ጥሩምባውን ሲነፋ ከበሮው ይከተላል፤ ከበሮው ሲከተል ሕዝቡ ይዘፍናል። የሽመላዎቹ መቺ ሁሉ የየራሱ ዘፈን አለው፤ ዱላውን ይዞ በወጣ ቁጥር የሚዘፈንለት። ዘፈኖቹን በሙሉ የሠራቸው ኢሶቤ ነው። የሚሠራቸውም በሰው ጭንቅላት ላይ ነው፤ በመቀሱ ምት እየመታ፣ ባፍንጫው እያዜመ። ከተማው ውስጥ ያሉ ወንዶች ግማሾቹ የአንዱ ወይም የሌላው ተጫዋች ዘፈን ሲወለድ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ነበር ማለት ይቻላል፤ አንዳንዶቹ ዜማው እስኪያምር ድረስ ከሚገባው በላይ ተላጭተው ወጥተዋል።

ነሐሴ ውስጥ ግን ኢሶቤም ትዕግሥቱ አለቀ። ያን ቀን አንድ ሯጭ ሦስተኛው ማረፊያ ላይ ቆሞ፣ ቤት ለመግባትና ነጥብ ለማስቆጠር ጥቂት እርምጃ ሲቀረው፣ ዙሩ ያለቀ መሰለው። ቆቡን አወለቀ፣ ላቡን ጠረገ፣ ቀስ ብሎ ወደ ተቀያሪዎች ወንበር መራመድ ጀመረ። ዙሩ አላለቀም ነበር። የተጋጣሚው ተጫዋች ራሱ አፍሮ፣ ይቅርታ የሚጠይቅ በሚመስል እጅ፣ በኳሷ ትከሻውን ነካ አድርጎ ከጨዋታ አስወጣው። ጨዋታውን በዚያች ነጥብ ተሸነፉ።

በማግሥቱ ጓዱ በኢሶቤ ሱቅ ተሰበሰበ። ሁሌም ቀድመው የሚናገሩት ሁለት ናቸው፤ ከበሮ መቺዋ ወይዘሮ ማኪኖ፣ ወደቡ ላይ ዓሣ የምትሸጥ፣ ምላሷ ከዓሣ ቢላዋዋ የማይተናነስ፤ ሌላው ባንዲራ የሚያውለበልበው ሂራጋ፣ የውሃ ክፍል ሠራተኛ፣ ሽመላዎቹ ሲሸነፉ የምሩን የሚያለቅስ።

«እኔ የምለው አለቃ» አለች ማኪኖ የመላጫ ወንበሩን በእግሯ እያሽከረከረች፣ «እኛ እኮ ነን ያበላሸናቸው። ሲሳሳቱ ዘፈን፣ ሲተኙ ዘፈን። ጓንቱን ቤት ረስቶ ቢመጣ እንኳ ‹አይዞህ ግፋ በለው› ልንልለት ነው። ምን ይሆኑ! ልጅ እንኳ እንደዚህ ካሞላቀቁት ይባልጋል።»

«ታዲያ ምን እናድርግ?» አለ ኢሶቤ።

ሂራጋ ከመቀመጫው ተነሣ። «ዝም እንበላቸው። ሄደን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ። ጥሩምባ የለ፣ ከበሮ የለ። ጨዋታቸው ያለ እኛ ምን እንደሚመስል ይስሙት።»

ኢሶቤ ነገሩ አልተዋጠለትም። ሽመላዎቹ ቢሰድቧቸው ይችላሉ፤ ዝምታ ግን ከባድ ነው፣ የቤተሰብ ኩርፊያ ዓይነት ነገር ነው። ሆኖም ያ ሯጭ ቆቡን አውልቆ ላቡን ሲጠርግ ዓይኑ ላይ መጣበትና ደሙ ፈላ። «እሺ» አለ።

ለቀጣዩ ጨዋታ ሄዱ፤ ከፊታቸው ባለው አጥር ላይም ነጭ ጨርቅ ዘረጉ። «ዛሬ ድምፅ የለም። ምክንያቱን እናንተ ታውቃላችሁ» ይላል። ተቀመጡ። እጃቸውን አጣጠፉ። ኢሶቤ ጥሩምባውን ከእግሩ ሥር አደረገ። ስታዲየሙ ውስጥ በዕድሜው ሙሉ ሰምቶት የማያውቀው ነገር ተሰማው፤ ኳስ ጓንት ውስጥ ስትገባ የምታሰማው ጥፍ የሚል ድምፅ፣ ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ሲጠራሩ፣ ከወደቡ ማዶ የመርከብ ጩኸት። ከታች ያሉት ተጫዋቾችም እየተዟዟሩ ወደ ቀኝ ሜዳ ያያሉ። አፍረዋል ብሎ ኢሶቤ አዘነላቸው።

ከዚያ ሽመላዎቹ መምታት ጀመሩ።

መምታት ሲባል እንደ ዋዛ አይደለም። ከአጥር ያሻገሩት ቁጥር ስፍር የለው። ያ ላቡን የጠረገው ሯጭ እንኳ ወርዋሪው ሳያየው ሮጦ፣ ሆዱን መሬት ላይ እየጎተተ ቀጣዩን ማረፊያ ሰረቀ። የጓዱ ሰዎች እጃቸውን እንዳጣጠፉ እርስ በርስ ተያዩ። ማኪኖ ጉልበቷ ብቻውን ከበሮ ይመታ ጀመር፤ በመዳፏ ያዘችው። ሂራጋ ደስታው መውጫ አጥቶ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ጨዋታው ሲያበቃ ኢሶቤ የቱን ፊት ማሳየት እንዳለበት አላወቀም። የተቀየመ ሰው ነው፤ የተቀየመ ሰው ደግሞ አይጨበጭብም። ግን አሸንፈዋል። እንደ ሐዘንተኛ በዝምታ ተሰልፈው ወጡ።

«ገባቸው አለቃ!» አለ ሂራጋ በሩ ላይ፣ «ገባቸው! ነገ በሙሉ ኃይላችን እንነፋላቸዋለን!»

በማግሥቱ በሙሉ ኃይላቸው ነፉላቸው። ሽመላዎቹ አንድም ነጥብ ሳያገኙ ሙልጭ ብለው ተሸነፉ።

አንድ ቀን ነው ተባለ። ደገሙት፤ ተሸነፉ። ማኪኖ ተናድዳ ከበሮዋን ይዛ ቤቷ ቀረች፣ ሌሎቹም ቅር ብሏቸው ዝም አሉ፤ ያን ቀን አሸነፉ። ዳግመኛ ነፉ፤ ተሸነፉ። ማንም ምንም አላለም። ግን ከዚያ በኋላ ኢሶቤ ጥሩምባውን ባነሣ ቁጥር ከኋላው የሆነ ሰው ጉሮሮውን መጥረግ ጀመረ።

የሚናሃማ ሰው በዕድል ነገር ቀልድ አያውቅም። ሽመላዎቹ ያሸነፉ ቀን የለበሰውን ካናቴራ እስኪሸነፉ ድረስ የማያጥብ ሞልቷል፤ ሂራጋ አንዱ ነው፣ የውሃ ክፍል ባልደረቦቹ በክረምት እንኳ መስኮት ከፍተው ነው የሚሠሩት። ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ የሚሸጠው ሰውዬ ያሸነፉ ቀን መንገድ ስቶ በዞረበት በኩል እስከ ዛሬ እየዞረ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ዝምታው ሲመጣ ማንም አልመከረም፣ ማንም አላወጀም፤ እንደ ጉንፋን ተዛመተ እንጂ። ከቀኝ ሜዳ ወደ ግራ ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ላይኛው መቀመጫ። መስከረም ሲገባ መላው ስታዲየም እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ነበር። ቢራ በጀርባቸው ተሸክመው የሚያዞሩት ልጃገረዶች ሳይቀሩ «ቢራ... ቢራ...» እያሉ ያንሾካሹካሉ። የእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች ማዶ ሆነው ሲዘፍኑ የሚናሃማ ሰው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንደተረበሸ ሰው ገልመጥ ያደርጋቸዋል። ሽመላዎቹም፣ ጉድ ነው፣ ያሸንፋሉ።

ማኪኖ አንድ ቀን ጠዋት ወደ ኢሶቤ ሱቅ መጣች። ሁሌ እየጮኸች የምትገባው ሴትዮ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች።

«አለቃ፣ እንዳትቀየመኝ። ጥሩምባህን ስጠኝ።»

«ለምን?»

«ሰው ይፈራል። አለቃ ስሜቱን መቆጣጠር አቅቶት ድንገት ይነፋዋል ብለው ይፈራሉ። እኔ ዘንድ ይቀመጥ፣ በአደራ።»

«የት ልታደርጊው ነው?»

«የዓሣ ማቀዝቀዣው ይቆለፋል» አለች ዓይኑን ሳታየው።

ሰጣት። ምን ይል? ሚስቱ ሱሚኤ ከጓዳ ሆና ሁሉን ሰምታለች። ማኪኖ ስትወጣ በጨርቅ እጇን እያደረቀች ወጣችና ባዶውን መስቀያ አየች። «እኔስ ጆሮዬ አረፈ» አለች፤ ቆየት ብላ ግን «ዕድሜ ልክህን ስትነፋው የኖርከው ታዲያ ለማን ኖሯል?» አለችው። እየቀለደች ነው። ያቺ ጥያቄ ግን እሱ ሆድ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

ለማን ነበር? የደንበኛ አገጭ እየላጨ ያስባል። ሽመላዎቹ እሱ ጥሩምባ መንፋት ከጀመረ ወዲህ ዋንጫ አንሥተው አያውቁም። ይህን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ግን እስከ ዛሬ ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው አልነበረም። ጭራሽ ሌላ ነገር ትዝ አለውና ምላጩን አስቀምጦ ወደ ጓዳ ገባ።

«ሱሚኤ፣ ሐሞቴን ኦፕራሲዮን ሆኜ ሆስፒታል የተኛሁበት ዓመት፣ ሽመላዎቹ ስንተኛ ወጡ?»

«ሁለተኛ። ከተማው ሲጨፍር አንተ ግሉኮስ ላይ ነበርክ። ምነው?»

«ምንም።»

ደንበኛው ግማሽ ፊቱን በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ሲጠብቅ ኢሶቤ ጓዳ ውስጥ ቆሞ ቀረ። እኔ ነኝ እንዴ? አለ በልቡ። እርሻውን ሳጠጣው የኖርኩት በጨው ውሃ ነው እንዴ? ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራ ላይ ማዜም ተወ። ማዜሙን የተወው ወዶ አይደለም፤ ራዲዮው ክፍት ሆኖ ሲያዜም የሽመላዎቹ ወርዋሪ ተመትቶበት ደንበኛው በትሕትና «ጌታው፣ ባይሆን ዝም ብለው ይቁረጡልኝ» ስላለው ነው። ሱቋ ውስጥ የመቀስ ድምፅ ብቻ ቀረ።

የውድድሩ የመጨረሻ ጨዋታ ቀረበ። ሽመላዎቹ በዝምታው ጉልበት ተንፏቀው ተንፏቀው ከመጨረሻው ደረጃ ለመውጣት አንዲት ድል ቀረቻቸው። ካሸነፉ ከጭራነት ይወጣሉ፤ ከተሸነፉ እንደ አምና እንደ ካቻምናው ከሁሉ በታች ናቸው። ለሌላ ከተማ ይህ ምኑም አይደለም። ለሚናሃማ ግን ጎረቤት ከተማ ሄዶ ቀና ብሎ የመሄድና ያለመሄድ ጉዳይ ነው። የዚያኑ ቀን ደግሞ ሳጋራ ሊሰናበት ነው።

ሳጋራ ኮይቺ የከተማው ልጅ ነው፤ አባቱ የዓሣ መረብ ይጠግኑ ነበር። ገናና ተጫዋች ሆኖ አያውቅም። ሥራው ወንበር ላይ ተቀምጦ መጠበቅና ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ጭንቅ በሆነች ሰዓት ገብቶ አንዴ መምታት ነው፤ አንዳንዴ ይመታል፣ አንዳንዴ ይስታል። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ፀጉሩን የቆረጠው ኢሶቤ ነው። ከሠራቸው ዘፈኖች ሁሉ ኢሶቤ የሚወደውም የሳጋራን ነው። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ የሌሎቹን ማስቀየም ይሆናል።

ከጨዋታው በፊት በነበረው ቀን ሳጋራ መጣ። ወንበሩ ላይ ተዘረጋና «አጎቴ፣ ነገ የመጨረሻዬ ነው። አሳምሩኝ» አለ።

ኢሶቤ ፎጣውን አሰረለት። የልጁ ጆሮ ጋ ሽበት ወጥቷል። እሱን ሲያይ ቆይቶ ድፍረቱን ሰበሰበ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። እውነቱን ንገረኝ።»

«ምን አጥፍቼ ይሆን?»

«አንተ ሳትሆን እኔ። ስትመታ... ጥሩምባዬ ይረብሽህ ነበር?»

ሳጋራ በመስታወቱ ውስጥ አየው። ሊስቅ ፈልጎ ተወው፤ የኢሶቤ ፊት የሚሳቅበት አልነበረም። «ባይቀየሙኝ እነግርዎታለሁ።»

«አልቀየምህም» አለ ኢሶቤ፣ አስቀድሞ ተቀይሞ።

«አልሰማውም።»

«ምኑን?»

«ምኑንም። ዱላዬን ይዤ እዚያ ስቆም ጆሮዬ ድፍን ይላል። ይነፋ፣ ይጮህ፣ ዝም ይባል፣ ለኔ ያው ነው። የወርዋሪው እጅ ብቻ ነው የሚታየኝ። ከጥንትም እንደዚህ ነኝ አጎቴ።»

መቀሱ አየር ላይ ቀረ። «ዘፈንህንስ?»

«ዘፈን እንዳለኝ አውቃለሁ» አለ ሳጋራ፣ አፍሮ አንገቱን እየሰበረ። «ጥሩ ነው ይሉኛል። ራሴን በቴሌቪዥን ማየት ስለማልወድ...»

ኢሶቤ ቀሪውን ፀጉር ቆረጠ። እፎይ ማለት አለበት ወይስ ማዘን? መላ ቅጡ ጠፋው። ካልሰማው አልጎዳውም ማለት ነው፤ ይሄ ጥሩ። ካልሰማው ግን አልጠቀመውም። ዝምታውንም ካልሰማ ታዲያ እነዚያን ጨዋታዎች ያሸነፈው ማነው? ደግሞ ሌሎቹስ? ሳጋራ ብቻ ነው ደንቆሮው ወይስ ሁሉም? ሳጋራን ሸኝቶ ወለሉን ሲጠርግ ያንኑ ጥግ ደጋግሞ ጠረገ። ሱሚኤ መጥረጊያውን ተቀበለችው።

የመጨረሻው ቀን ፀሐይ ነበር። ስታዲየሙ ሞልቷል፤ ድምፅ ግን የለም። ያን ያህል ሰው እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ ማየት ያስፈራል። ሽመላዎቹ ከእንግዳው ቡድን ከታካዳ ቀበሮዎች ጋር አንዱ ሲያገባ ሌላው እያገባ፣ ዘጠነኛው ዙር ላይ ደረሱ፤ የመጨረሻው ዙር። ቀበሮዎቹ በአንዲት ነጥብ ይመራሉ። ሁለት ሽመላዎች ማረፊያ ላይ ቆመዋል፤ አንድ ጥሩ ምት ሁለቱንም ወደ ቤት ያስገባል። ከዚህ በላይ ግን የሚቀራቸው አንድ መቺ ብቻ ነው፤ እሱ ከሳተ አበቃ።

አሠልጣኙ ሳጋራን አስገባ።

ሳጋራ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ዱላውን በትከሻው አድርጎ፣ ያን ሁሉ ዓመት በተራመደባት መንገድ ወጣ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ስታዲየሙ ይናወጥ ነበር። አሁን ጫማው አሸዋውን ሲረግጥ ይሰማል። አንድ ሕፃን አለቀሰ፤ እናቱ አፉን ያዘች። ኢሶቤ ጎንና ጎኑን አየ። ሂራጋ ዓይኑን ጨፍኗል። ማኪኖ ሁለት እጆቿን ጭኖቿ ሥር ቀብራ ተቀምጣለች። የከተማው ልጅ ሊሰናበት እየወጣ፣ ከተማው የማያውቀው ሰው ያለፈ ያህል ፀጥ ብሏል።

ኢሶቤን መዝፈን አማረው። አይሆንም፣ አለ ለራሱ። ሰው ሁሉ ይጠፋል በአንተ የተነሣ። ግን ልጁ አይሰማም። በገዛ አፉ ነግሮኛል፤ ዝምታም ጩኸትም አንድ ነው ብሎኛል። ካልሰማ አይጎዳውም። ካልጎዳው ብዘፍን ምን አለ? ካልሰማ ግን ለምን ትዘፍናለህ? አላውቅም። አላውቅም አለ፣ ያለውም በድምፅ ነበር መሰል ሂራጋ ዓይኑን ገለጠ። ኢሶቤ ተነሥቶ ቆሞ ነበር።

«አለቃ» አለ ሂራጋ፣ ቀስ ብሎ። «አለቃ፣ ይቀመጡ። እባክዎ።»

ጥሩምባው የለም። ጥሩምባው ዓሣ መካከል ነው። ኢሶቤ አፉን ከፈተ፤

«ሳጋራ ሳጋራ፣ የመረብ ጠጋኝ ልጅ፣
ነፋሱ ተነሥቷል፣ ሸራህን ዘርጋ እንጂ...»

ድምፁ ያምር አልነበረም። ዘፋኝ አይደለም፤ ነፊ ነው። መጀመሪያዋ ላይ ተሰነጠቀ፣ ሁለተኛው መስመር ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ሊሰበር ደርሶ ተረፈ። ያ ሁሉ ሰው አንገቱን አዙሮ እያየው ብቻውን ቆሞ ዘፈነ። ሂራጋ ኮቱን ይዞ ይጎትተዋል። ማንም አልተከተለውም። ማኪኖ አንገቷን ደፍታ ቀረች።

የመጀመሪያዋን ኳስ ሳጋራ አሳለፋት፤ ትክክለኛ ነች አለ ዳኛው፤ እንዲህ ሦስት ካመለጡት መውጣቱ ነው። ሁለተኛዋን ሲመታ ዱላው ዘግይቶ አየር ቀዘፈ። ኢሶቤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ሦስተኛዋ ኳስ መጣች፤ ቀጥ ብላ፣ መሐል ለመሐል፣ ሳጋራ በሕይወቱ ሙሉ ሲጠብቃት የኖረ ዓይነት። ሳጋራ አልተንቀሳቀሰም። ዱላውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ፣ ጭንቅላቱን ትንሽ ዘንበል አድርጎ፣ ኳሷ አጠገቡ ስታልፍ እንዳላያት ሆኖ ቆመ።

ጥፍ አለች ጓንቱ ውስጥ። አበቃ።

ኢሶቤ የሚጠብቀው ስድብ ነበር። ስድብ ቢሆን ደግ ነበር። የሚናሃማ ሰው ግን እንደ ወጉ ቆሻሻውን ለቅሞ በየከረጢቱ አደረገ፤ የኢሶቤንም ሌላ ሰው ለቀመለት። በአጠገቡ ሲያልፉ ጎንበስ እያሉ «ዓመቱን ሙሉ ደክመዋል፣ እናመሰግናለን» አሉት፤ አንድ በአንድ፣ ዓይኑን ሳያዩት። ተጫዋቾቹ ሜዳው መሐል ተሰልፈው ለሕዝቡ እጅ ሲነሡ ሳጋራ ከሁሉ ኋላ ቀና አለ። ሂራጋ ግንባሩ ላይ ያሰረውን የደጋፊ መጠምጠሚያ ፈትቶ፣ በጥንቃቄ አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ለምን?» አለ እንባው እየወረደ። «ለምን እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ አለቃ።»

«አላውቅም» አለ ኢሶቤ። እውነቱን ነው።

በማግሥቱ ሱቁ ጭር አለ። ጠዋት ማኪኖ ብቻ ጥሩምባውን በጋዜጣ ጠቅልላ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና «ያው፣ ዓሣ ዓሣ ይሸታል» ብላ ወጣች። ኢሶቤ በጨርቅ ቢያሸው ሽታው አልለቅ አለው። ሱቁን መዝጋት፣ ከተማ መቀየር፣ ጥሩምባውን ባሕር መጣል፣ ሁሉንም አሰበ፤ የቱን እንደሚያስቀድም ግን አላወቀም። በዚያ መሐል በሩ ተከፈተና ሳጋራ ገባ።

ፀጉሩ ከትናንት ወዲያ ነው የተቆረጠው። ሆኖም ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ኢሶቤም ምን እንደሚቆርጥ ሳያውቅ ፎጣውን አሰረለት።

«ይቅር በለኝ» አለ ኢሶቤ። «ትናንት አበላሸሁብህ።»

«አዎ» አለ ሳጋራ።

ኢሶቤ ይህን አልጠበቀም። «አይ፣ አልሰማሁም» ይለኛል ብሎ ነበር።

«ሰማሁት አጎቴ» አለ ሳጋራ በመስታወቱ ውስጥ እያየው። «እንዴት እንደሆነ አይጠይቁኝ። ያ ሁሉ ሰው ሲዘፍን ሰምቼው የማላውቀውን፣ እርስዎ ብቻዎን በዚያ በተሰነጠቀ ድምፅዎ ሲያወጡት ጆሮዬ ተከፈተ። የመረብ ጠጋኝ ልጅ ሲሉ አባቴ ትዝ አለኝ። መጨረሻው ምን ይሆን ብዬ ልስማው ስል... ኳሷ አለፈች። አላየኋትም። እየሰማሁ ነበር።»

ኢሶቤ ሳቅ ይምጣው ለቅሶ አላወቀም። ከተማውን ያስሸነፈው እሱ ነው፤ ይኸው ማስረጃው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ደግሞ ሆዱ ሙቅ ነገር እንደጠጣ ሆነ። ሁለቱም አንድ ላይ መጥተው የትኛውም አልሄድ አለው።

«እና... እንዴት ነበር?» አለ በመጨረሻ። «ዘፈኑ።»

ሳጋራ ዓይኑን ጨፈነና ባፍንጫው ማዜም ጀመረ። የመጀመሪያውን መስመር ደህና ተወጣው። ሁለተኛው ላይ «ነፋሱ ተነሥቷል» የሚለው ጋ ወደ ታች ወረደበት።

«ቆይ፣ ቆይ፣ እዚያ ጋ ከፍ ይላል» አለ ኢሶቤ፣ መቀሱን አንሥቶ ምቱን እየመታለት። «በል ከመጀመሪያው።»